በአንድ ስም የተገዛ ቤት

ጤናዬ ያን ሰኞ ከመቀስቀሻው ደወል ቀድማ ነቃች። ደወሉን አጥፍታ ጥቂት ተጋድማ ቆየችና ተነሣች። መጋረጃውን ስትገልጥ ሰፈሯ ሮምሶስ ጉም ለብሷል፤ ከማዶ ካለው ሕንፃ የሚታዩት የላይኞቹ ፎቆች ብቻ ነበሩ። ፊቷን ታጠበች። የአጃ ገንፎ ሠርታ ቆማ በላች፤ ሳህኑን አጥባ ደፋች፤ ማሞቂያውን ዝቅ አደረገች። ሰኞ ሰኞ በአረጋውያን መጦሪያው የጠዋት ተረኛ ናት፤ ለዛሬ ግን ከባልደረባዋ ጋር ተራ ተለዋውጣለች። ስለዚህ የሥራ ልብሷን መስቀያው ላይ ተወችው፤ ግራጫ ካፖርቷን ደርባ፣ የደመወዝ ወረቀቶቿን በቦርሳዋ ይዛ ወረደች። ሊፍቱ ውስጥ አንድ ጎረቤት "ቀዘቀዘ" አላት፤ "አዎ፣ ቀዘቀዘ" አለችው። ምድር ባቡሩ ላይ መቀመጫ አገኘች፤ እስከ መሀል ከተማ ዓይኗን ጨፍና ሄደች።

የምትሄደው ባንክ ነው። የተከራየችው ቤት ባለቤት ከወር በፊት ደውሎ፣ ቀን ቆርጦ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ኪራይ ጨመረ ቢባል ሦስቴ ቢሆን ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ልጆቹ ወዳሉበት ወደ ሰሜን ሊሄድ መሆኑን፣ ቤቱንም ሊሸጠው መሆኑን ነገራት። "ለሌላ ሰው ከማሳየቴ በፊት አንቺን ልጠይቅ ብዬ ነው። እስከ ኦክቶበር መጨረሻ እጠብቅሻለሁ" አላት። አመሰገነችው፤ እስከ ሊፍቱ ሸኘችው።

ቤቱ የሚያጓጓ ቤት አይደለም። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ ንጣፍ ተሰንጥቋል፤ በረንዳው ፀሐይ የሚያየው በበጋ ብቻ ነው። በዚያው ዋጋ ሌላ ሰፈር የተሻለ እንደሚገኝ ያልነገራት ሰው የለም። ለሁሉም "ለሥራዬ ቅርብ ነው" ትላቸዋለች። እውነቷን ነው፤ ለሥራዋ ቅርብ ነው። ባሏ ገብረመድህን እዚያ ቤት ሃያ ዓመት ኖሮ እዚያው ቤት እንደሞተ ግን ለማንም እንደ ምክንያት አቅርባ አታውቅም። ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ባንኩ ትልቅ ባንክ ነው። ኖርዌይ መጥታ ሥራ ከያዘች ጀምሮ ደመወዟ የሚገባው እዚያ ነው። ያስተናገደቻት ኤማ የምትባል፣ ዕድሜዋ ከልጇ ከቢታንያ የማይበልጥ ወጣት ናት፤ ውኃ ቀዳችላት፤ ኮምፒዩተሯን እያየች "አንቺ" እያለች ታወራት ጀመር። ኖርዌጅኛ አንቱታን ከተወ ቆይቷል፤ ጤናዬም ቅር መሰኘቱን ከተወች ቆይታለች።

"ገቢሽ ጥሩ ነው፤ ቁጠባሽም ይበቃል። ያስቸገረን ዕድሜሽ ነው" አለች ኤማ። "ስልሳ ሰባት ነሽ። እኛ ዘንድ ብድሩ ተበዳሪው ሰባ አምስት ሳይሞላው ማለቅ አለበት። በስምንት ዓመት ከተከፈለ ደግሞ ወርኃዊው ክፍያ ደመወዝሽን ይበልጠዋል።"

"ሃምሳ ዘጠኝ ነኝ" አለች ጤናዬ።

ኤማ መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን፣ ቀጥሎ እሷን አየች። "እዚህ እንደዚያ አይልም።"

"እንደማይል አውቃለሁ።"

ነገሩን ማስረዳት ነበረባት፤ አስረዳች። ወደ ኖርዌይ ቀድሞ የመጣው ገብረመድህን ነው። የሚስትህ የትውልድ ዘመን ሲሉት፣ የራሱን ወደ እነሱ አቆጣጠር ቀይሮ ያስመዘገበ ሰው፣ የእሷን 1958 ብሎ እንዳለ ሰጣቸው። ወሩንማ ጭራሽ አላስታወሰውም፤ ጃንዋሪ አንድ ብለው ሞሉለት። እሷ ከሦስት ዓመት በኋላ ስትደርስ ከባሏ በዕድሜ በልጣ ተገኘች። አውሮፕላን ጣቢያ ሲቀበላት ጎንበስ ብሎ "እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ" አላት። ይህን የመጨረሻውን ለኤማ አልነገረቻትም። ለማስተካከል ማመልከታቸውን፣ መጀመሪያ የተሰጠው ቀን ይጸናል ተብለው መመለሳቸውን ግን ነገረቻት።

"ማለት አሁን እዚያ አገር ሌላ ዓመተ ምሕረት ነው?" አለች ኤማ።

"ሌላ ነው።"

"ወሩስ?"

"አሥራ ሦስት ወር ነው ያለን።"

ኤማ ሳቋን ለመዋጥ ታገለች፤ አልሆነላትም። "ይቅርታ። አምኜሻለሁ እኮ። ግን ይህን የምጽፍበት ቦታ ፕሮግራሙ ላይ የለኝም።" ከዚያ ፊቷ ረጋ አለና "ልጅ አለሽ?" ብላ ጠየቀች።

"አንዲት።"

"ሥራ ካላት አብራሽ ትፈርም። የእሷ ዕድሜ ሲገባበት ሠላሳ ዓመት እንሰጣችኋለን፤ ወለዱም ዝቅ ይላል። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ለራሷ ቤት ልትበደር ስትሄድ ይህ ዕዳ ሙሉውን የእሷ ሆኖ ነው የሚቆጠርባት። ለሷ የሚተርፍ ብድር ብዙም አይኖርም።"

ጤናዬ ውኃውን ጠጣችና ተነሣች።

ወደ ቤት ቀጥታ አልሄደችም። ግሮንላንድ ወደሚባለው የገበያ ሰፈር ወርዳ ምስርና በርበሬ ልትገዛ አንድ ሱቅ ገባች። ሱቁ ውስጥ፣ ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ባለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ወልዳይ ተቀምጧል። አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ኦስሎ ውስጥ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ከገብረመድህን ጋር በአንድ ዓመት ነው የመጡት። ሱቁ የሱ አይደለም፤ ወንበሩ ግን የሱ ሆኖ ቀርቷል።

"በሥራ ቀን እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? አባረሩሽ?"

"ባንክ ሄጄ ነው፣ ጋሽ ወልዳይ።"

"እሱስ ከመባረር ይብሳል። ምን አሉሽ?"

"አርጅተሻል አሉኝ።"

"እኔን ደግሞ ባለፈው ሐኪሙ፣ ለዕድሜህ ጠንካራ ነህ አለኝ። በየትኛው ዕድሜ? በወረቀቱ ከታላቅ ወንድሜ እኮ እበልጣለሁ።" ወደ ባለሱቋ ዞረ። "ይቺ ሩቂያ ጃንዋሪ አንድ፣ እኔ ጃንዋሪ አንድ፣ ጤናዬ ጃንዋሪ አንድ። ያን ቀን የአገራችን አዋላጆች እንዴት እንደቻሉት እንጃ።"

ሩቂያ ምስሩን እየመዘነች "እኔን ተወኝ፤ የኔ እውነተኛ ነው" አለችው።

"ሁሉም እንደዛ ይላል።"

ጤናዬ የተባለችውን ባጭሩ ነገረችው። ወልዳይ ቀልዱን ትቶ አዳመጣት። ከዚያ ሁለት መንገድ አልፎ ስላለ አንድ ትንሽ ባንክ አጫወታት። "ለሽማግሌ ያበድራሉ። ሬንተው፣ ወለዱ ማለቴ ነው፣ ይወደዳል፤ ዋናውን ግን አይጠይቁሽም። ሬንተውን ብቻ እየከፈልሽ ትኖሪያለሽ። ስትሞቺ ቤቱ ተሸጦ ዋናቸውን ይወስዳሉ። ጓደኛዬ ሰመረኣብ እንደዛ ነው የገዛው።"

"ለልጅስ ምን ይቀራል?"

"ለልጅ? ቁልፉን መመለስ።" ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። "አንቺ ግን ምን ቸገረሽ፣ ጓለይ? ቢታንያ አለችልሽ። ከፈረመች አለቀ። ታዲያ ለምን እኔን ትጠይቂኛለሽ?"

"አልጠየቅኩዎትም እኮ።"

"ፊትሽ ጠይቆኛል።"

ሒሳቧን ከፍላ ወጣች። ከረጢቱ ከባድ ባይሆንም ጣቢያው ድረስ ሁለቴ እጅ ቀየረችለት።

ቢታንያ ከሥራ ወጥታ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከመሆኑ በፊት መጣች። በከተማው አስተዳደር፣ ኮሙኑ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ፊሊፕ ከሚባል እጮኛዋ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ጫማዋን አውልቃ፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ድስቱን ከፈት አድርጋ አሸተተች።

"ምን አሉሽ፣ ማሚ?"

ጤናዬ ኤማ ያለችውን ነገረቻት፤ የመጨረሻውን ሳይቀር። ምስሩን ሳህን ላይ እያወጣች ስለነበር የልጇን ፊት አላየችም።

"ja፣ እፈርማለሁ" አለች ቢታንያ። "ምኑ ነው የሚያስጨንቀው?"

"ፊሊፕስ?"

"ፊሊፕ ምን አገባው? ፊርማው የኔ ነው።"

"ቤት እየፈለጋችሁ አልነበር?"

"እየፈለግን ነው። ቤት የት ይሄዳል? ኦስሎ ሙሉ ቤት አይደል እንዴ።"

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ጤናዬ ልታነብ ብላ አልነበረም፤ ሳህኑን ልታስቀምጥ ስትጎነበስ ዓይኗ ገባበት። ትቬይታ የሚባለው ሰፈር ያለ ቤት አድራሻ ነው፤ ከሥሩ አዲስ ዋጋ መቅረቡንና የመልስ ሰዓቱን ይናገራል። በዚህ ከተማ ቤት የሚሸጠው እንዲህ ነው፤ እሑድ ያሳያሉ፤ ሰኞ ተጫራቾች በስልክ ዋጋ እየጨመሩ ይሽቀዳደማሉ፤ በተባለው ሰዓት ያልመለሰ ወጣ ማለት ነው። ቢታንያ ስልኩን ገለበጠችው። ወዲያው ጮኸ። አነሣችው፤ አየችው፤ ዘጋችው።

"ማነው?"

"ከሥራ ነው።"

"ሥራሽ ፊሊፕ ይባላል?"

ቢታንያ ሳትወድ ሳቀች። "Nei ማሚ፣ ተይው። በኋላ እደውልለታለሁ።"

መብላት ጀመሩ። ስልኩ ሁለቴ ጮኾ ዝም አለ። ከዚያ አንድ አጭር መልእክት ገባ፤ ከዚያ ወዲያ አልጮኸም። ቢታንያ ጥቂት ቆይታ ገለጠችው፤ አነበበችው፤ መልሳ ደፋችው።

"ጨው አንሶታል አይደል?" አለች ጤናዬ።

"ልክ ነው" አለች ቢታንያ። በሕይወቷ የእናቷን ወጥ ጨው ልክ ነው ብላ አታውቅም።

ልጇን ሸኝታ ስትመለስ ጤናዬ ሳህኖቹን ሳታጥብ ተቀመጠች። ቤቱን ትፈልገዋለች። እንዲህ አድርጋ የፈለገችው ነገር ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ አልነበራትም። የምትፈልገው ግን ልጇ ስልኳን ደፍታ፣ ልክ ነው እያለች በምትውጠው ጉርሻ አልነበረም። ሌላ የሚታሰብ ነገር አላገኘችም፤ ተነሥታ ዕቃውን አጠበች።

ረቡዕ ከሥራ በኋላ ወልዳይ ወዳላት ባንክ ሄደች። ሁለት ክፍልና አንድ የደረቀ አበባ ያለበት ቢሮ ነው። የተቀበላት ሰው ራሱ ጡረታ የተቃረበ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነበር። የቤቱን ወረቀትና የደመወዟን ወረቀት አየ።

"ስልሳ ሰባት። ጡረታሽን ጀምረሻል?"

"አላመለከትኩም።"

"አመልክቺ። እኛ ዘንድ ጡረታና ደመወዝ አብረው ይቆጠራሉ። ጤና ካለሽ ሥራሽንም አትተዪም፤ እንደማየው ሁለቱም ካልተደመሩ አይበቃም።"

እዚህ ላይ ሃምሳ ዘጠኝ ነኝ ማለት ትችል ነበር። ሰውየው ያዳምጣት ነበር፤ ምናልባትም ይስቅ ነበር። የአሥራ ሦስቱን ወር ነገር እንደገና ከሥሩ ለመጀመር ግን አቅም አልነበራትም። መንግሥት ስልሳ ሰባት ነሽ ብሎ ፈርዷል፤ ስልሳ ሰባት ትሁን። "አመለክታለሁ" አለችው።

ሰውየው ደንቡን ቀስ ብሎ ነገራት፤ ወልዳይ ከነገራት ብዙም አይለይም። ወለዱ ከትልቁ ባንክ ይበልጣል። ዋናው አይነካም። ቤቱን ትታ ብትወጣ ወይም ብትሞት ቤቱ ይሸጣል፤ ባንኩ ድርሻውን ይወስዳል፤ የተረፈ ካለ ለወራሽ ነው።

"ብዙ ጊዜ አይተርፍም" አለ። "ይህን ሳልነግርሽ ማስፈረም አልወድም። ልጅሽ ታውቃለች?"

"እነግራታለሁ።"

"ብድሩ በአንቺ ስም ብቻ ነው?"

"በኔ ብቻ።"

"ባለቤትሽስ?"

"አርፏል።"

ሰውየው መነጽሩን አወረደ። አንድ ነገር ሊል መሆኑን አውቃ ቀደመችው፤ "የምፈርመው የት ነው?" አለች። አሳያት፤ ፈረመች። ስትወጣ ዝናብ ጀምሯል። ጃንጥላዋን ቢሮው ውስጥ እንደረሳችው ጣቢያው ስትደርስ ትዝ አላት፤ አልተመለሰችም።

ለቢታንያ የነገረቻት በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ትቬይታ የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ነው። ልጇ ጫማ ልትመልስ ስትሄድ እሷም አብራት ሄዳ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነገረቻት። ቢታንያ የጫማውን ሣጥን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

"እና ቤቱን ለባንክ ሰጠሽው።"

"ገዛሁት እንጂ አልሰጠሁትም።"

"አንቺ ስትሞቺ እንግዳ ሰው ሊገባበት? አባቢ የኖረበት ቤት?"

"አባትሽ ሲገባበትም እንግዳ ነበር።"

ቢታንያ ፊቷን ወደ ሱቆቹ አዞረች። ቆይታ "እፈርማለሁ ብዬሽ ነበር እኮ" አለች። ድምጿ ወርዷል። "ለምን እንደማልረባ ታደርጊኛለሽ?"

"የትቬይታው ቤት ለስንት ሄደ?"

ቢታንያ የሣጥኑን ክዳን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

"ስልክሽ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር" አለች ጤናዬ።

"ከአቅማችን በላይ ነበር።"

"ፊሊፕ ደጋግሞ የደወለው ከአቅማችን በላይ ነው ሊልሽ ነው?"

"Herregud፣ የአምላክ ያለህ፣ ማሚ።" ቢታንያ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። "እሺ። አልነበረም። ትንሽ ብንጨምር ይሆን ነበር። እሱ እስካሁን በደንብ አያወራኝም። ደስ አለሽ?"

"አላለኝም።"

"እስከ መቼ ልትሠሪ ነው?"

"እስከምችል።"

"ወገብሽ እኮ አሁንም—"

"ወገቤ ሃምሳ ዘጠኝ ነው።"

ቢታንያ ልትስቅ ከጀለች፤ አልሳቀችም። ከዚያ ሣጥኑን ለእናቷ አስይዛ ስልኳን አወጣች፤ ለፊሊፕ ደወለች። በኖርዌጅኛ፣ በጣም በዝግታ፣ "የሚቀጥለው እሑድ የሚታይ ካለ እንሂድ" ስትለው ጤናዬ ሰማች። ጫማውን መለሱት፤ አውቶቡሱ ድረስ ቢታንያ ክንዷን ያዘቻት። በሩ ሊዘጋ ሲል ግን "አሁንም ተናድጃለሁ፤ እንድታውቂው" አለቻት።

"አውቄዋለሁ" አለች ጤናዬ።

የቤቱ ርክክብ ኖቬምበር ላይ ሆነ። የሚረከብ ነገር አልነበረም። ባለቤቱ ሁልጊዜ እሱ ጋ የሚቀመጠውን ሦስተኛ ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት፤ ወጥ ቤቱን ዞር ብሎ አየ፤ "እንግዲህ ያንቺ ነው" ብሏት ሄደ። ጤናዬ ምንም አልቀየረችም። በማግሥቱ ጠዋት ሥራ ገባች፤ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ጋደም አለች፤ እንደተጋደመች እንቅልፍ ወሰዳት። ለጡረታው ማመልከቻ ባስገባች በሁለተኛው ሳምንት መልሱ መጣ፤ ተፈቅዷል። ባልደረቦቿ ኬክ ገዝተው እንኳን ለጡረታ አበቃሽ አሏት፤ ኬኩን በልታ የአሥራ አንድ ቁጥር ክፍሏን አሮጊት ልታጥብ ሄደች።

ሐሙስ ቀን የሕንፃው ማኅበር ሠራተኛ በሯን አንኳኳ። የመሣሪያ ቦርሳ በትከሻው አንግቷል፤ በእጁ አዲስ የስም ሰሌዳ ይዟል።

"አዲስ ባለቤት ሲገባ እንቀይራለን፤ ከታች ደወሉ ላይ፣ ፖስታ ሣጥኑ ላይ፣ በሩ ላይ" አላት። "ቤቱ ከተሸጠ ጀምሮ ልመጣ ነበር፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።"

"አዲስ አይደለሁም" አለች ጤናዬ።

"አውቃለሁ፤ ግን አሠራሩ እንደዚያ ነው።" በሩ ላይ ያለውን ጠጋ ብሎ አነበበ። "እዚህ ሁለት ስም ነው ያለው። እኔ የያዝኩት አንድ ነው። ተሳስተው እንዳይሆን፤ አብሮሽ የሚኖር አለ?"

ጤናዬ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆመች። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ እንዲህ አድርጎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። የሚያውቋት ሁሉ ስለሚያውቁ አይጠይቁም፤ የማያውቋት ደግሞ ወረቀት ነው የሚያዩት።

"የለም" አለችው። "ብቻዬን ነኝ።"

"እሺ፤ ስለዚህ ልክ ነው።"

ሁለቱን ብሎኖች ፈታ። አዲሱን አስገብቶ አጠበቀ፤ በእጅጌው ወለወለው። አሮጌውን ሌሎች አሮጌ ሰሌዳዎች ወዳሉበት ቦርሳ ጣለው። ስጠኝ ልትለው ፈልጋ ነበር፤ ቃሉ እስኪመጣላት ድረስ ሰውየው መልካም ቀን ብሏት ደረጃውን ወርዷል። እሷም በሩን ዘጋች።

አሁን ቤቱ የጤናዬ ነው። የገብረመድህን ስም በሩ ላይ የለም።